መስኮታችንን ማን ወሰደው?

ባለፈው ሳምንት ቢሯችን ውስጥ መብራት ጠፋ። "ይሄ ደግሞ ምን ወሬ ሆኖ ነው?" እንዳትሉን። መብራት መጥፋቱ ወሬ እንዳልሆነ እናውቃለን። ወሬው የጠፋበት ሰዓት ነው፤ ከቀኑ 9 ሰዓት፣ ሰማዩ ላይ አንዲት ደመና ሳትኖር፣ ጸሐይዋ በምዕራብ በኩል ፊት ለፊታችን ቆማ። ሕንጻው ደግሞ ከእግሩ እስከ ራሱ መስታወት ነው። ከመንገዱ ማዶ ሆኖ ለሚያየው ሰማዩን የለበሰ ይመስላል። እኛ ግን በዚያ ሰዓት፣ በዚያ ጸሐይ፣ የመስታወት ቤት ውስጥ ሆነን ጨለማ ላይ ተቀምጠን ነበር።

እንዴት ሆነ ብትሉ፣ መጋረጃው ዝግ ነው። ከምሳ በኋላ ካልተዘጋ ጸሐይዋ የኮምፒውተሩን ስክሪን ድራሹን ታጠፋዋለች፤ ግንባርም ታቃጥላለች። መጋረጃው ስለሚዘጋ አምፖል በጠራራ ጸሐይ ይበራል። አምፖሉ ሲጠፋ እንግዲህ የሚቀረው ምርጫ ሁለት ነው፤ ወይ መጋረጃ ከፍቶ መጋገር፣ ወይ መጋረጃ ዘግቶ መደናበር። ሁለቱንም ሞከርናቸው። ስንከፍተው አምስት ደቂቃ ሳይሞላ እንደ ድፎ ዳቦ ከላይም ከታችም እሳት የነደደብን መሰለን። "መስኮት ይከፈት!" ተባለ። ከዚያ ሁሉ መስታወት ውስጥ የምትከፈተው አንዲት ጠባብ ክፍል ናት፤ እሷም ተከፍታ ተከፍታ አንድ ስንዝር አትሞላም።

ተያይዘን ወረድን። ከሕንጻው በር ትንሽ አለፍ ብሎ አንድ ግራር አለ። ከሥሩ የጥበቃው ጋሼ ዱካቸው ላይ ተቀምጠው ጋዜጣ ያነባሉ። "ኑ ተቀመጡ ልጆች፣ እዚህ መብራት አይጠፋም" አሉን። እየሳቅን ድንጋዩም ጠርዙም ላይ ተደረደርን። ነፋሱ ለስለስ ያለ ነው፤ ለማንበብ የሚበቃ ብርሃን አለ፤ ዓይን የሚወጋ ጸሐይ የለም። በየወሩ ያንን ሁሉ ኪራይ ከምንከፍልበት 7ኛ ፎቅ የጋሼ ዱካ የተሻለ ቢሮ መሆኑን ለማመን ብዙ ጊዜ አልፈጀብንም።

ጨዋታው ወደ ክርክር፣ ክርክሩ ወደ ንባብ ወሰደን። ብርሃንና ነፋስ የሚያስገባው መስኮት ከቢሮ የወጣው መቼ ነው? ማንስ አስወጣው? ውሃን ከጥሩ ነገርን ከሥሩ ነውና እስቲ ከሥሩ እንጀምር። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ ታሪኩ ባብዛኛው የሰው አገር ስለሆነ ወዲያና ወዲህ መቀያየሩ እናንተንም እኛንም እንዳያደክም።)

"ቢሮ" የሚለው ቃል ራሱ ከፈረንሳይኛ የመጣልን ነው። ቃሉ ከመምጣቱ በፊት ግን ሥራው ነበረ። የገዳው ሸንጎ በኦዳ ጥላ ሥር ይቀመጣል፤ በሌላውም አገር ዳኛና ሽማግሌ ከዋርካ ሥር ተቀምጦ ነገር ይሰማል። ምኒልክ በ1907 ሚኒስትሮች ከሾሙ በኋላ ወረቀቱም ጠረጴዛውም እየበዛ ሄደ፤ ወረቀት ደግሞ ጣሪያ ይፈልጋል። በሰው አገር ጣሪያ ሥር የገባው ከእኛ ቀደም ብሎ ነው። ጣሊያን ፍሎረንስ ውስጥ ቱሪስት ተሰልፎ የሚገባበት ኡፊዚ የተባለው ሙዚየም ስሙ "ቢሮዎች" ማለት ነው። ጆርጆ ቫዛሪ በ1560 መሥራት የጀመረው ለከተማይቱ ሹማምንትና ጸሐፊዎች ነበር። ረዥምና ቀጭን ሕንጻ ነው። ቀጭን መሆኑ ለማማር ብቻ አይደለም። ሻማና ኩራዝ ውድ በነበረበት ዘመን ጸሐፊ ከመስኮት ከራቀ ሥራ ፈታ ማለት ነው።

ይሄ ሕግ፣ ማለትም "ከመስኮት የራቀ አይሠራም" የሚለው፣ እስከ ኒውዮርክ ሰማይ ጠቀሶች ድረስ ዘልቋል። ኤሌክትሪክ አምፖል ከመጣ በኋላም ቢሆን የዚያን ጊዜ አምፖል ብርሃኑ ደካማ፣ ሙቀቱ ብዙ ነበርና የቢሮ ባለቤቶች ክፍሎቻቸውን ከመስኮቱ ከ8 ሜትር ገደማ በላይ ወደ ውስጥ አያስገቡም ነበር። ከዚያ ወዲያ ያለውን ወለል የሚከራይ አይገኝማ! የ1920ዎቹን የቢሮ ሕንጻዎች ከላይ በተነሱ ፎቶዎች ብታዩአቸው ብዙዎቹ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ አላቸው። በጥርሶቹ መካከል ያለው ክፍተት ብርሃንና አየር ማስገቢያ ነው። ክርክር ሳያስፈልግ፣ ስለ ሠራተኛ ጤና ማንም ሳይጨነቅ፣ ገበያው ራሱ ለእያንዳንዱ ጸሐፊ መስኮት ይሰጠው ነበር።

ብርሃን ምን ያህል ውድ ነገር እንደነበር የሚያሳይ አንድ ጠብ እናንሳ። በ1915 ማንሃተን ውስጥ ኢኩዊተብል የሚባል ሕንጻ ተጠናቀቀ። ወደ 40 ፎቅ የሚደርስ ሲሆን ከመንገዱ ጠርዝ ተነስቶ አንድም ቦታ ወደ ኋላ ሳይል ቀጥ ብሎ ወደ ላይ የወጣ ነበር። ጥላው የጎረቤቶቹን ሕንጻዎች ሸፈናቸው። ጎረቤቶቹ ጮኹ፤ ተከራዮቻችን ጨለማ ውስጥ ገቡ፣ ኪራያችን ወደቀ አሉ። ከተማው በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1916፣ ሕንጻ ከፍ ባለ ቁጥር ወደ ኋላ እየሸሸ እንዲሄድ የሚያስገድድ ሕግ አወጣ። ኤምፓየር ስቴትን የመሳሰሉት እንደ ሠርግ ኬክ ደረጃ ደረጃ ሆነው የምታይዋቸው በዚህ ምክንያት ነው። እኛን የገረመን ነገሩ የተከሰሰበት ቃል ነው። የሰው መሬት አልወሰደም፣ የሰው ቤት አላፈረሰም። የወሰደው ጸሐይ ነው፤ በዚያም ተቀጣ፣ ማለትም ሕጉ እሱን ባይነካውም ተከታዮቹን ያዘ።

ታዲያ መስኮቱን የመጀመሪያው ማን ዘጋው? እዚህ ላይ ታሪኩ አስቂኝ ነው፤ መስኮት ከዘጉት ቀዳሚዎች አንዱ ተፈጥሮን በመውደድ ዓለም ያወቀው አርክቴክት ፍራንክ ሎይድ ራይት ነው። በ1906 ቡፋሎ በምትባለው የአሜሪካ ከተማ ለላርኪን የሳሙና ኩባንያ የቢሮ ሕንጻ ሠራ። ቦታው ከባቡር ሐዲድና ከፋብሪካ ጎን ነበር። መስኮት ቢከፈት የሚገባው ጥቀርሻ ነው፤ ጥቀርሻው ደግሞ የደንበኞች ደብዳቤ ላይ ያርፋል። ራይት ምን አደረገ? ሕንጻውን በውጭ በኩል እንደ ምሽግ ዘጋው። ከውስጥ ግን መሐሉን ከመሬት እስከ ጣሪያ ክፍት አድርጎ ጣሪያውን መስታወት አደረገው። ጸሐፊዎቹ በአምስት ፎቅ ዙሪያውን ተደርድረው ከላይ በሚወርድ ብርሃን ይሠራሉ። አየሩ ከላይ ተስቦ፣ ተጣርቶ ይገባላቸዋል። መስኮቱ ተዘጋ እንጂ ብርሃኑ አልተዘጋም ነበር። ሕንጻው በ1950 ፈረሰ፤ ቦታው የመኪና ማቆሚያ ሆኖ ቀረ። (የእኛ ሰፈር ብቻ አይደለም ለካ!)

ሌሎች ሦስት ነገሮችም ተከታትለው መጡ። በ1902 ዊሊስ ካሪየር የሚባል ወጣት ኢንጂነር ብሩክሊን ውስጥ ለአንድ ማተሚያ ቤት አየር የሚያደርቅና የሚያቀዘቅዝ መሣሪያ ነደፈ። የታሰበው ለሰው አልነበረም። በእርጥበት ምክንያት ወረቀቱ እየሳበና እየሰበሰበ ቀለሙ አልገጥም ስላለ ነው። ኤርኮንዲሽነር የተወለደው ለወረቀት ምቾት ነው ማለት ነው! በ1928 ሳን አንቶኒዮ ውስጥ ሚላም የተባለው ባለ 21 ፎቅ ሕንጻ ከላይ እስከ ታች በዚህ መሣሪያ የሚቀዘቅዝ የመጀመሪያው የቢሮ ፎቅ ሆነ። በ1938 ደግሞ ረዥሙ የፍሎረሰንት አምፖል ገበያ ላይ ወጣ። ብርሃኑ ብዙ፣ ሙቀቱ ትንሽ፣ የሚበላው ኤሌክትሪክ አነስተኛ። እነዚህ ሲገጣጠሙ የ8 ሜትሩ ሕግ ሞተ። ከእንግዲህ የቢሮ ወለል 20ም 30ም ሜትር ወደ ውስጥ ሊገባ ይችላል፤ መሐል ላይ የተቀመጠው ሠራተኛ ዝናብ ይዝነብ አይዝነብ የሚያውቀው ከውጭ የገባ ሰው ጃንጥላ አይቶ ነው።

ነገሩ እንግዲህ እዚህ ጋ ይጠማዘዛል። መስኮት ለሥራ የማያስፈልግ በሆነበት ዘመን መስታወት በዛ። ለማየት ሳይሆን ለመታየት በዛ። የተባበሩት መንግሥታት ጽሕፈት ቤት በኒውዮርክ በ1950 ሰው ሲገባበት ባለ 39 ፎቅ ሆኖ ሰፋፊዎቹ ሁለት ጎኖቹ ከጫፍ እስከ ጫፍ መስታወት ነበሩ። አንዱ ወደ ምሥራቅ፣ አንዱ ወደ ምዕራብ ያያል። ከነዳፊዎቹ አንዱ የነበረው ሌ ኮርቡዚዬ መስታወቱ ከውጭ ጸሐይ መከላከያ ካልተደረገለት አይሆንም ብሎ ወትውቷል። አልሰሙትም። ቀለም ያለው መስታወትና ኤርኮንዲሽነር ይበቃል ተባለ። ሁለት ዓመት ቆይቶ እዚያው ከተማ ውስጥ ሊቨር ሐውስ ተሠራ። 24 ፎቅ፣ አረንጓዴ መስታወት፣ አንድም የሚከፈት መስኮት የሌለው። የከተማው አቧራ አይገባም፣ የጽዳት ወጪ ይቀንሳል ነው ነገሩ። ይህም የሳሙና ኩባንያ ነው! ላርኪንም ሳሙና፣ ሊቨርም ሳሙና። የቢሮውን መስኮት የዘጉት ሁለት ሳሙና ሻጮች ናቸው ብለን ለመደምደም ምንም አልቀረንም ነበር፤ ይሉኝታ ያዘን እንጂ።

ያ ሕንጻ ቆንጆ ነው፤ አንክድም። ዓለም የቀዳውም ቆንጆ ስለሆነ ነው። የተቀዳው ግን ሙሉው አይደለም። ሊቨር ሐውስ ያንን መስታወት መልበስ የቻለው ከጀርባው ርካሽ ኤሌክትሪክና ሌት ተቀን የሚጮህ ማቀዝቀዣ ስለነበረው ነው። ሌሎቹ ከተሞች መስታወቱን ወሰዱ፤ ማቀዝቀዣው ግን ሒሳቡ ሲታይ ብዙ ቦታ ቀረ።

ዛፍና ቅጠል ወደ ቢሮ የተመለሱት ከዚህ በኋላ በእንግድነት ነው። በ1950ዎቹ መጨረሻ ጀርመኖች ግድግዳውን አፍርሰው ጠረጴዛዎችን እንደ ሜዳ በትነው በመካከላቸው ትልልቅ የአበባ ሣጥን ያስቀምጡ ጀመር። አሜሪካ ይህንን ቀድታ፣ ጥቂት ቆይታ ቅጠሉን አውጥታ በየሠራተኛው ዙሪያ አጭር አጭር ግርግዳ አቆመች። በ1967 ደግሞ ፎርድ ፋውንዴሽን ኒውዮርክ ውስጥ ባለ 12 ፎቅ ጽሕፈት ቤቱን ሲሠራ አርክቴክቱ ኬቨን ሮች ሕንጻውን በአንድ ትልቅ የመስታወት የአትክልት ስፍራ ዙሪያ አጠፈው። ሠራተኛው መስኮቱን ከፍቶ የሚያየው ዛፍ ነው፤ ከዛፉ ማዶ ያለው ባልደረባውም ይታየዋል። አላፊ አግዳሚው ገብቶ ይቀመጥበታል። ፎቶውን አይተን ቀንተናል። ቢሆንም ዛፍን ቤት አስገብቶ፣ ሙቀትና ቅዝቃዜውን በማሽን እየለካ የሚያኖር ባለጸጋ ብቻ ነው።

በ1973 ነዳጅ ሲወደድ የመስታወቱ ሒሳብ መጣ። ባለሕንጻዎቹ ወጪ ለመቆጠብ ከውጭ የሚያስገቡትን ንጹህ አየር ቀነሱ፤ መስኮቱ እንደሆነ አይከፈት። ሠራተኛው ራሴን፣ ዓይኔን፣ ጉሮሮዬን ይል ጀመር። ከሕንጻው ሲወጣ ይሻለዋል፣ ሰኞ ሲመለስ ያገረሽበታል። (ሰኞ ሰኞ የሚያመው የእኛ መሥሪያ ቤት ሰው ብቻ የመሰለን ጊዜ ነበር።) በ1980ዎቹ የዓለም የጤና ድርጅት ሳይቀር ተቀብሎት ነገሩ "የታመመ ሕንጻ" የሚል ስም ወጣለት። በዚያው ሰሞን፣ በ1984፣ ሮጀር ኡልሪክ የተባለ ተመራማሪ አንዲት አጭር ጥናት አወጣ። በፔንሲልቬንያ አንድ ሆስፒታል የሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን 46 ሕሙማን መዝገብ አገላበጠ። ግማሾቹ በመስኮታቸው ዛፍ ይታያቸዋል፤ ግማሾቹ የጡብ ግድግዳ። ዛፍ ያዩት በአማካይ ወደ 8 ቀን ገደማ ቆይተው ወጡ፤ ግድግዳ ያዩት ወደ 9 ቀን ተጠጉ፤ ጠንካራ ማስታገሻም ብዙ ወሰዱ። 46 ሰው ጥቂት ነው፤ ሆስፒታልም ቢሮ አይደለም። ቢሆንም ከዚያ በኋላ ስለ መስኮት የሚከራከር ሁሉ ይህችን ጥናት ሳይጠቅስ አያልፍም፤ እኛም ይኸው ጠቀስናት።

አሁን ወደ ሰፈራችን እንቅረብ። ከመስታወቱ ታሪክ ውስጥ ልባችንን የወሰደው ሕንጻ ያለው ኒውዮርክ ሳይሆን ሐራሬ ነው። በ1996 ዚምባብዌ ዋና ከተማ ላይ ኢስትጌት የሚባል የቢሮና የገበያ ሕንጻ ተከፈተ። ባለንብረቱ ኩባንያ ለአርክቴክቱ ለሚክ ፒርስ የነገረው አጭር ነው፤ ኤርኮንዲሽነር ገዝቼ፣ በውጭ ምንዛሪ መለዋወጫ እያስመጣሁ አልኖርም፤ ቢሮዬ ግን እንዳይሞቅ። ፒርስ ወደ ኩይሳ ሄደ። አዎ፣ የምስጥ ኩይሳ! ምስጦቹ ውጭው ሲነድና ሲበርድ ውስጡን እንዴት ያኖሩታል ብሎ ጠየቀ።

ያገኘው መልስ ለመረዳት ኢንጂነር መሆን አይጠይቅም። ሐራሬ 1,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ቀኑ ቢሞቅ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል። ሌሊት ላይ ነፋስ ማስገቢያዎች ቀዝቃዛውን የውጭ አየር በኮንክሪቱ ወለል ውስጥ ባሉ ባዶ መተላለፊያዎች ይነዱታል። ኮንክሪቱ እስኪነጋ ይቀዘቅዛል። ቀን ቀን ደግሞ ያው ኮንክሪት የሰውንና የኮምፒውተሩን ሙቀት እንደ እንስራ ይጠጣዋል። የሞቀው አየር ወደ ላይ ይወጣና ጣሪያው ላይ በተደረደሩት ጭስ ማውጫ መሰል ቀዳዳዎች ይሄዳል። መስኮቶቹ ትንንሽ ናቸው፤ ከየመስኮቱ በላይ ወጣ ያለ ኮንክሪት ጥላ ይጥልባቸዋል፤ ሐረግም ወጥቶባቸዋል። ሁለቱ ባለ 9 ፎቅ ክንፎች መሐላቸው ላይ በመስታወት ጣሪያ የተሸፈነ መንገድ አለ፤ ብርሃን ከዚያም ይገባል። ሕንጻው ከሩቅ ሲያዩት አያብለጨልጭም። ሸካራ ነው፣ ግራጫ ነው፣ እንደ ቁልቋል ሾህ ሾህ ይላል። ለማየት ያን ያህል አይደለም፤ ለመቀመጥ ነው።

(በነገራችን ላይ የምስጥ ነገር የሚያጠኑ ሳይንቲስቶች ቆይተው ኩይሳው ፒርስ እንዳሰበው እንደማይሠራ አሳዩ። አርክቴክቱ ምስጦቹን በደንብ ሳይረዳቸው ጥሩ ሕንጻ ሠራ! እንዲህ ያለ ስህተት ለሁሉም ይስጥ።)

ሐራሬን ያነሳነው ያለ ምክንያት አይደለም። አዲስ አበባ ከሐራሬም ከፍ ብላ ከ2,300 ሜትር በላይ የተቀመጠች ናት። ሌሊታችን ብርድ ነው፤ ጋቢ ማን አስለመደን? ቀኑም ቢሆን ከፍተኛው ሙቀት ባብዛኛው ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ነው። የዓለም ባለሕንጻዎች በማሽን ለማግኘት ገንዘብ የሚያፈሱበትን አየር እግዚአብሔር በነጻ ሰጥቶናል። ስለዚህ ቢሯችን ውስጥ የሚያቃጥለን ሙቀት የአዲስ አበባ ሙቀት አይደለም። መስታወቱ የሠራው ሙቀት ነው። ከኒውዮርክ የመጣው ዘዴ እዚያ ችግር ነበረውና መፍትሔ ሆነ፤ እዚህ ግን ያልነበረ ችግር ይዞ መጣ።

ከዚህ በፊት የነበሩት ይህንን አያውቁም ነበር እንዳንል ፒያሳ ምስክር ናት። የአርመንና የሕንድ ግንበኞች እጅ ያለበት አሮጌው የአዲስ አበባ ቤት በረንዳ አለው፤ በረንዳው ግድግዳውን ከጸሐይ ይጋርዳል፣ ሰውንም ከዝናብ። መስኮቱ ረዥም ነው፤ የእንጨት መዝጊያው ሲፈለግ ይከፈታል፣ ሲፈለግ ይገጠማል። የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን በ1958 ተቋቁሞ አዲስ አበባን መቀመጫው ሲያደርግ፣ አስመራ ይኖር የነበረው ጣሊያናዊ አርቱሮ ሜዘዲሚ አፍሪካ አዳራሽን ነድፎ በ1961 ተመረቀ። እዚያ ውስጥ መስታወት አለ፤ እንዴት ያለ መስታወት! የአፈወርቅ ተክሌ 150 ካሬ ሜትር ባለቀለም የመስታወት ሥዕል፣ የአፍሪካን ያለፈ፣ የአሁንና የወደፊት ዘመን ይዞ ቆሟል። ብርሃኑ ዝም ብሎ አይገባም፣ በቀዩና በሰማያዊው አልፎ ወለሉ ላይ ይወርዳል። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በ1963 የተመሠረተው እዚሁ ሕንጻ ውስጥ ነው። አዳራሹ በ2024 እድሳቱ ተጠናቅቆ እንደገና ተከፍቷል፤ ያላያችሁት ካላችሁ እዩት። በአንዲት ከተማ ውስጥ መስታወት ለብርሃን ሲባል የተሠራበት ዘመን እንደነበረ ለመመስከር እሱ ብቻ ይበቃል።

እውነቱን ለመናገር ግን እኛም ንጹሐን አይደለንም። ያንን 7ኛ ፎቅ ስንከራይ አንዳችንም በየት በኩል ጸሐይ እንደሚገባ አልጠየቅንም። "መስታወቱ ሕንጻ ላይ ነን" ብለን አድራሻ ስንሰጥ ደረታችን ይነፋ ነበር። መስታወት እድገት ነው ብሎ ያስተማረን ማንም ይሁን ማን፣ ተማሪዎቹ እኛ ነን።

ጸሐይን የሚያውቅ ሰው ቢጠይቀን ኖሮ ነገሩ ቀላል ነበር። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በ9 ዲግሪ ብቻ ነው የምትርቀው። እኩለ ቀን ላይ ጸሐይ ከራስ በላይ ናት ማለት ይቻላል፤ ከመስኮት በላይ ትንሽ ወጣ ያለ ሰሌዳ ይመልሳታል። የምታስቸግረው ጠዋት በምሥራቅ፣ ከሰዓት በኋላ በምዕራብ ዝቅ ብላ ስትመጣ ነው፤ ያኔ ቀጥታ ዓይን ውስጥ ነው የምትገባው። ስለዚህ ረዥሙን ጎን ለሰሜንና ለደቡብ፣ ጠባቡን ለምሥራቅና ለምዕራብ መስጠት፣ ምዕራቡ ላይ መስታወቱን መቀነስ ወይ ከውጭ መጋረድ፣ ወለሉን ቀጭን ማድረግ፣ ከታች ነፋስ የሚያስገባ ከላይ የሚያስወጣ መስኮት መክፈት ነው። መጋረጃ ከውስጥ መሆኑ ደግሞ እምብዛም አይረዳም፤ ሙቀቱ መስታወቱን አልፎ ከገባ በኋላ ቢጋርዱት ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

አንድ ጓደኛችን እዚህ ላይ ያነሳውን ክርክር አንዘልም፤ ትክክል ነውና። "መስኮት ይከፈት ትላላችሁ፣ የሚገባው የሚኒባስ ጭስና ክላክስ ነው" አለን። የራይት የቡፋሎ ጥቀርሻ ይኸው አዲስ አበባ መጣ። ራይት ግን ጥቀርሻውን ሸሽቶ ፊቱን ወደ ውስጥ አዞረ፤ ብርሃኑን ከመሐል አወረደው። እኛም ብንሆን ግቢ የምንለው ነገር አለን፤ ቤቱ ለመንገዱ ጀርባውን ሰጥቶ ፊቱን ወደ ግቢው፣ ወደ ጌሾውና ወደ ኮባው የሚያዞርበት። ባለ 10 ፎቅ ሕንጻ መሐሉ ላይ ግቢ ይኑረው ብንል ባለሀብቱ "መሬቱ ስንት እንደሆነ ታውቃላችሁ?" ይለናል። እናውቃለን። ይሁንና መስኮት የማይደርስበትን መሐለኛውን ወለል ይዞ፣ ቀን በአምፖል አብርቶ፣ ተከራይ ሲለዋወጥበት የሚከስረውስ ሒሳብ ውስጥ ገብቶ ያውቃል?

ጉዳዩ የእኛ ላብ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባልጻፍን። ዛሬ ቦሌም ሳርቤትም ሜክሲኮም መሠረቱ የሚቆፈረው ሕንጻ ሃምሳ ዓመት የሚቆም ነው። እኛ ጡረታ ወጥተን ልጆቻችን ይቀመጡበታል። ታላቁ የሕዳሴ ግድብ በ2025 ተመርቋል፤ ያ ሁሉ ዘመን የተዋጣለት፣ የተለፋለት ኤሌክትሪክ ከጉባ ተነስቶ በዚያ ሁሉ ምሰሶ ላይ ተጉዞ መጥቶ፣ ጸሐይ ከልክለን ያጨለምነውን ክፍል በቀን ሲያበራ ማየት ያሳፍራል።

እኛ ምን አደረግን? ሕንጻውን ማዞር ስለማንችል ጠረጴዛዎቹን አዞርናቸው። ድሮ መስኮቱን ፊት ለፊት ወይ ከጀርባ አድርገን ነበር የምንቀመጠው፤ አሁን በጎን አደረግነው። ብርሃኑ ከግራ ይመጣል፣ ስክሪኑ አያብረቀርቅም። ጠዋት ጠዋት መጋረጃውን እንከፍታለን፤ እስከ ምሳ ሰዓት አምፖል አናበራም። ለከሰዓቱ ጸሐይ ከውጭ በኩል አንዲት መከላከያ እንድትደረግልን ለሕንጻው አስተዳዳሪ ደብዳቤ ጻፍን። በትህትና ነው የመለሰልን፤ የሕንጻውን ውበት ስለሚያበላሽ አይፈቀድም አለ።

ስለዚህ ካርቶን ለጠፍንበት። ከሥር ካለው ሱቅ የለመንነው ባዶ የዘይት ካርቶን ነው። ጋሼ ከግራሩ ሥር ሆነው ሲነግሩን ነው ከውጭ ምን እንደሚመስል ያወቅነው። ያ ሰማይ የለበሰ ሕንጻ 7ኛ ፎቁ ላይ "ይህ ወገን ወደ ላይ" የሚል ጽሑፍ ይነበብበታል፤ እሱም ተገልብጦ።